ጉልቤን መግራት

ናታንያ፣ ኪርያት ኖርዳው
ግንቦት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለብሩ፤ ጎንደር።

ከባለቤትህ ከአበቡና ከልጅህ ከእልፍነሽ ጋር እንዴት ከርማችኋል? የአባቶቻችን አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ የምትጠብቁትንም በር ይክፈትላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነኝ።

በፋሲካ ሰሞን ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅር በለኝ። አንተም «ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ረስተኸናል» ማለት አልነበረብህም። በስልክ በተነጋገርን ቁጥር በክፉ እንለያያለን። ወረቀት ላይ ሰው አስቦ ነው የሚጽፍ፤ ስለዚህ እንጻጻፍ። ጎረቤቴ ፈንታነሽና ዘመዶቿ ወደ ጎንደር ይመላለሳሉ፤ በእነሱ እጅ እልክልሃለሁ።

የሥራዬን ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። ከፋብሪካው ወጥቻለሁ። አሁን ኤቨን የሁዳ በምትባል እዚሁ አቅራቢያ ባለች መንደር፣ ውሻ የሚገራበት ቦታ ነው ያለሁት። ሰዎች የሚናከሰውን፣ የሚጮኸውን፣ ሶፋ የሚቦጫጭቀውን ውሻቸውን ያመጡልናል፤ እኛ ገርተን እንመልስላቸዋለን። መአለፍ ይሉታል፤ ውሻ አሠልጣኝ ማለት ነው። አትሳቅ፣ እዚህ የተከበረ ሙያ ነው። ኤሊያድ ከሚባል ጎበዝ ልጅ ጋር ነው የምንሠራው።

ወደዚህ አገር የመግቢያ ወረቀታችሁን ጉዳይ ይዤዋለሁ። በሚመጣው ወር ቢሮ እሄዳለሁ።

ወንድምህ አባተ


ጎንደር
ሰኔ 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ ለአያ አባተ፤ ናታንያ።

ሰላምታዬ አራተኛ ፎቅህ ድረስ ይውጣልኝ፤ ጉልበትህንም አምላክ ይማርልህ። እኛ ደህና ነን። በክፉ የተናገርኩትን አንሥቼዋለሁ፤ አንተም አንሣው።

እኔ አልሳቅኩም። አበቡ ግን «አያ አባተ በልጅነቱ ውሻ ሲያይ ዛፍ ላይ የሚወጣው አይደለም ወይ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ደስ ብሎኛል። ከኛ ቤት አንድ ባለሙያ ወጣ ማለት ነው።

ነገሩ ለኔም በጊዜው መጣልኝ። ጉልቤ የሚባል ውሻ አለን። እልፍነሽ ናት ቡችላ ሆኖ ከመንገድ ያነሣችው፤ አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ግቢ ይጠብቃል፣ በዚህ አይታማም። ግን ጫማ ያኝካል፣ የተሰጣ ልብስ እየጎተተ መሬት ላይ ይጥላል፣ የአከራያችንን ዶሮዎች ያሯሩጣል። አከራያችን «ወይ ውሻውን ወይ ቤቱን ምረጡ» ብላናለች። እዚህ አሁን ቤት ማግኘት እንዴት እንደሆነ አንተ አታውቀውም።

ማታ ከድንጋይ ሥራ ስመለስ አበቡ የቀኑን ጥፋቱን ትነግረኛለች፤ እኔም ጠርቼው በቀበቶ እገርፈዋለሁ። ገርፌ ገርፌ ሰለቸኝ። ጫማውን አልተወም፤ እንዲያውም ስጠራው አይመጣም፣ በሩን ስከፍት እዚያው ይሸናል። ውሻ እንዴት ነው የሚቀጣ? መቼስ ነው የሚቀጣ?

እልፍነሽ «አያ አባተ ከውሾቹ ጋር፣ በአሠልጣኝ ልብሱ የተነሣውን ፎቶ ይላክልን» ብላለች። ስልኬን ሸጬዋለሁ፤ በድሮው ቁጥር አትድከም። ቢሮ ሄድክ?

ታናሽህ ብሩ


ናታንያ
ሐምሌ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለብሩ።

በጦርነቱ ምክንያት አሳብ ይዟችሁ ይሆናል፤ እኛ ጋ ብዙም አልከፋም። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ከሰዎቹ ይልቅ ውሾቹ ናቸው የሚያስቸግሩን። አምላክ ሰላሙን ያውርድልን፣ እናንተንም በጤና ያቆይልን።

አሁን ስማኝ። ቀበቶውን ዛሬውኑ አስቀምጠው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ መጣች። «ትናንት ሶፋዬን በላብኝ፤ በረንዳ ላይ አስሬ አሳደርኩት» አለች።

ኤሊያድ «ለምን እንደታሰረ የሚያውቅ ይመስልሻል?» አላት።

«እንዴታ! ዓይኑን እየው፣ አፍሯል።»

«አላፈረም። ፈርቶሻል።»

ነገሩ ይኸው ነው ብሩ። ውሻ ጠዋት ያኘከውን ጫማ ማታ ከሚገረፍበት ቀበቶ ጋር አያገናኘውም። ማታ የምትገርፈው ለጫማው ሳይሆን ጠርተኸው ስለመጣ ነው፤ እሱ የሚገባው እንደዚያ ነው። ስለዚህ መምጣት ተወ። አንተ ደግሞ በሩን ስትከፍት ዱላ የሚከፈት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይሸናል። መቅጫው ጊዜ ጥርሱ ጫማው ላይ ሳለ ነው። «አንድ፣ ሁለት» ብለህ እስክትቆጥር ካለፈ፣ አልፏል፤ ጫማውን አንሣና ዝም በል። ያን ጊዜም ቢሆን ዱላ አያሻም። በአጭሩ፣ በወፍራም ድምፅ «ተው!» በለው። ሲተው አጥንት ስጠው፣ እሱን ያኝክ። አሮጌ ጫማ ግን እንዳትሰጠው፤ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም። ለመቅጣት ብለህ በስሙ አትጥራው፤ ስሙ ሁልጊዜ ደግ ነገር ያምጣለት። ሲመጣ ቁራሽ ድርቆሽ ጣልለት። አበቡም ቀን ቀን እንደዚሁ ታድርግ፤ እሷ ስታየው የተወችውን አንተ ማታ አታስተካክለውም።

ፎቶውን አልረሳሁትም። እዚህ ቦታ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፣ አስፈቅጄ እልካለሁ። ቢሮ ሄጄ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት ሠራተኞቹ ጎድለዋል፣ በኋላ ተመለስ አሉኝ።

አባተ


ጎንደር
ነሐሴ 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አባተ።

እጅህ ይባረክ! ሌላ ምን እላለሁ። ስጽፍልህ ጉልቤ እግሬ ሥር ተኝቷል። አንድ ወር ሙሉ «ተው!» ስል ከርሜ ጎረቤቱ ሁሉ «ብሩ ተው» ይለኛል። ጫማ መንካት ትቷል። ዶሮዎቹ አጠገቡ ሲያልፉ ዓይኑን ወደኔ መልሶ ድርቆሹን ይጠብቃል። አከራያችን እንኳ «ምን አስነካችሁት?» አለች። አሁን ውሻ ያስቸገረው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል፤ እኔም ደብዳቤህን አውጥቼ አነብላቸዋለሁ።

ፈንታነሽ ቤታችን ድረስ መጥታ ወረቀቱን ሰጠችን፤ ቁጭ ብላም ብዙ አጫወተችን። የፎቶውን ነገር ግድ የለህም፣ ተወው። እልፍነሽንም ነግሬያታለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጉልቤ አጥንት ይዞ ስንቀርበው ያጉረመርማል። በዚህስ ልቆጣው? አበቡ ትፈራለች። ባለፈው ክረምት ታች ሰፈር እብድ ውሻ ሁለት ሰው ነክሶ ተገድሏልና፣ ባጉረመረመ ቁጥር እሱ ነው የሚታያት።

ስለ ወረቀቱ አልጨቀጭቅህም። እልፍነሽ ግን ዘንድሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት፤ ስታድግ ሳላይ እንዳትለኝ ብዬ ነው።

ብሩ


ናታንያ
መስከረም 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለብሩ።

እንኳን አዲሱን ዓመት በደህና አያችሁ። ዘንድሮ የዚያ አገርም የዚህ አገርም ዓመት ባንድ ወር ተለወጠ፤ አምላክ ለሁለታችንም ቤት የሰላም ያድርገው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንብበህላቸዋል ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል።

ማጉረምረሙን አትቅጣው። ማጉረምረም የውሻ ንግግር ነው፤ «ራቅ በልልኝ» ማለቱ ነው። መናገሩን ከቀጣህበት፣ ሌላ ቀን ሳይናገር ይነክስሃል። አጥንቱን አትቀማው፤ የተሻለ ነገር ይዘህ ቅረብና ራሱ ይልቀቀው። እጅህን ክፍት አድርገህ፣ ዝቅ ብለህ፣ በቀስታ አስጠጋለት። እንዳትሸሽ፤ ከሸሸህ ማጉረምረም እንደሚያዋጣው ይማራል።

ለአበቡም ንገራት። እኛ አገር እብድ ውሻ የምንለው አብዛኛው እብድ አይደለም፤ ያልተገራ ውሻ ነው። የተገራ ውሻ አያብድም። ይህን ከሙያው የምናገር ነኝ።

ቢሮ ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ነበር። ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ነው ብለውኛል።

አባተ


ጎንደር
ጥቅምት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አባተ።

ጤናህን አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛ በሕይወት አለን፤ ቤታችን ግን ትንሽ ደፍርሷል።

ጉልቤ ጠባዩ ተበላሸብኝ። ያስተማርኩትን ሁሉ ረሳው። መጀመሪያ ከሰው ራቀ፤ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ድርቆሹን አሸተተና ተወው። ከዚያ ማኘኩ ተመለሰ፤ ጫማ ቢሆን ደግ ነበር፣ የበሩን መቃን እንጨቱ እስኪሰነጠር ቦጨቀው። «ተው!» ብለው ሰምቶኝም አያውቅ።

አበቡ «ይህ ነገር እብደት ነው፤ እሰረውና ሰው እንጥራ» አለችኝ።

«አያ አባተ የጻፈውን ረሳሽው? የተገራ ውሻ አያብድም» አልኳት።

«አያ አባተ እዚህ አለ?»

«ከሱ የበለጠ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ከአልጋው ሥር እያጉረመረመ ሳለ እንዳልከኝ እጄን ከፍቼ፣ ዝቅ ብዬ አስጠጋሁለት። አልሸሸሁም። የቀኝ እጄን አንጓ በጥርሱ ያዘኝ። አልመታሁትም አያ አባተ፤ «ተው» ብቻ አልኩት። ለቀቀኝና በክፍቱ በር ወጥቶ ሄደ። ይኸው አራት ቀኑ፣ አልተመለሰም።

ቁስሉ ትንሽ ነው፣ መድረቅ ጀምሯል። አበቡ ሐኪም ቤት እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ለዚህች ጭረት ብዬ የቀን ሥራዬን አልተውም። የምጠይቅህ ይህን ነው፤ ሲይዘኝ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ተመልሶ ከመጣስ ልቅጣው ወይስ ጊዜው አልፏል?

ብሩ


ናታንያ
ኅዳር 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለብሩ።

ደብዳቤህ ኅዳር 12 ነው የደረሰኝ። ሥራ በዛብኝና መልሱ ዘገየ፤ አትቀየመኝ።

መንከሱ አሳዝኖኛል፤ አለመምታትህ ግን ትልቅ ነገር ነው። ጥፋት የሠራኸው አልጋ ሥር ስለገባህበት ነው። ውሻ የተሸሸገበት ቦታ ገብተህ አትነካውም፤ ራሱ እስኪወጣ ትጠብቀዋለህ። ተመልሶ ከመጣ አትቅጣው፣ ጊዜው አልፏል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁነህ ከመጀመሪያው ጀምር። ቁስሉን በሳሙና እጠበው።

አበቡን ሰላም በልልኝ። ሴት ልጅ ለፍርሃት ቅርብ ናት፤ አትፍረድባት።

አባተ


ናታንያ
ኅዳር 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ብሩ፣

ይህች ወረቀት በደረሰችህ ሰዓት ያለኸውን ሥራ ጥለህ ሐኪም ቤት ሂድ። ሰላምታ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም።

ዛሬ ምሳ ላይ ለኤሊያድ የጉልቤን ነገር እንደ ጨዋታ አነሣሁለት። እሱም የጎረሰውን ማኘኩን አቆመ።

«መቼ ነው የነከሰው?» አለኝ።

«ወር አለፈው።»

«ውሻው የት አለ?»

«ጠፍቷል።»

«ክትባት ነበረው?»

«ጎንደር እኮ ነው፤ የምን ክትባት።»

«አባተ፣ ይህ የጠባይ ነገር አይደለም! በሽታ ነው! ሰውየው መርፌ ተወግቷል ወይ?» ብሎ ጮኸብኝ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

የድሮ ቁጥርህን ደወልኩ፤ የማላውቀው ሰው አነሣው። ፈንታነሽ እናንተ ሰፈር ምኩራቡ አጠገብ ያለውን የባለሱቁን ቁጥር ሰጠችኝ። ዛሬውኑ ሄጄ እነግረዋለሁ ብሎኛል። ነገረህ? ሂድ ብሩ። በአምላክ ይዤሃለሁ፣ ሂድ።

አባተ


ጎንደር
ጥር 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አባተ፤ ናታንያ።

እኔ አበቡ እናገራለሁ፤ የምትጽፈው እልፍነሽ ናት። ጤና ይስጥልኝ።

ብሩ ታኅሣሥ 3 ቀን አርፏል። ባለሱቁ በነገረን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ቀድሞ ግን «አንጓዬን እየነዘረኝ ነው» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ራሱንም ያመው ነበር። ሐኪሙ አይቶት ሲያበቃ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። «በነከሰው ሰሞን ብታመጡት መርፌው ያድነው ነበር። አሁን በሽታው ገብቷል፤ ከዚህ ወዲያ የሚመልሰው ነገር የለም» አለኝ።

ስድስት ቀን ቆየ። መጨረሻ ላይ ውሃ ባሳየነው ቁጥር ጉሮሮው ይዘጋ ነበር። ይጠማዋል፣ ግን ብርጭቆውን አይቶ ይሸሻል። ልጄ ይህን ሁሉ አይታለች። ልቡ ሲመለስለት እንዳንቀርበው ይነግረን ነበር፤ አንዴ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ትክክል ነበርሽ» አለኝ። ትክክል መሆኔ ምን ይረባኛል?

ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ የደረሱት በሰባተኛው ቀን፣ ለቀስተኛ ቤት ሞልቶ ሳለ ነው። የመጀመሪያውን እልፍነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። «ሴት ልጅ ለፍርሃት ቅርብ ናት» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኳት።

አበቡ


ናታንያ
የካቲት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአበቡ።

አምላክ ያጥናሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እንቢ አለኝ። ሰባት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ሰው መጥቶ «ማን ሞተብህ?» ሲለኝ «የአጎቴ ልጅ» አልኩ። እንዴት እንደሞተ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ልናገር።

እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም። የውሾቹን ማደሪያ የማጥብ፣ ኩሳቸውን በአካፋ የማነሣ ሰው ነኝ። ኤሊያድ ሲያስተምር የውሃውን ቱቦ ይዤ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ፎቶ ማንሣት አልተከለከለም፤ የምነሣበት ልብስ አልነበረኝም። የጻፍኩላችሁ ሁሉ ከሱ የሰማሁት ነው፤ አንዷ ቃል ስትቀር። «የተገራ ውሻ አያብድም» የሚለውን ማንም አላስተማረኝም። ብሩ ወረቀቴን ለሰው እንደሚያነብ ሲጽፍልኝ ጣፈጠኝ፤ ከፍ ያለ ነገር ልበል ብዬ ከራሴ አውጥቼ ጻፍኩት።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ኤሊያድ ለተማሪዎቹ «ጠባዩ ባንዴ የተለወጠ ውሻ አይቀጣም፣ አይታረምም፤ ሐኪም ያየዋል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎንደር ለውሻ ሐኪም ማን ይፈልጋል ብዬ ሳልጽፈው ቀረሁ። የብሩ ደብዳቤ ሲደርሰኝም ሥራ አልበዛብኝም ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ምን ብዬ እንደ ባለሙያ እንደምመልስ ሳስብ ነው የቆየሁት።

ቢሮም ሄጄ አላውቅም። ፎርሙ በዕብራይስጥ ነው፣ መሙላት አልችልም፤ ልጄን ሐጊትን እንድትሞላልኝ መለመን አፈርኩ። አሁን ለምኛት ተሞልቷል፤ በእልፍነሽ ስም ደግሞ ሌላ ይጀመራል ብላኛለች።

ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም። ግን ይቅር በይኝ።

አባተ


ጎንደር
መጋቢት 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አባተ።

ጤና ይስጥልኝ። ወረቀትዎ ደርሶኛል።

የነገሩኝን ሥራዎን አውቀው ነበር። ብሩም ያውቅ ነበር። ፈንታነሽ ነሐሴ ላይ ስትመጣ እኛ ያወቅን መስሏት፣ «አባተ ያንን ሁሉ ኩስ ሲያነሣ ወገቡ አለቀ» ብላ ነገረችን። እሷ ከሄደች በኋላ እኔ ሳቅኩ። ብሩ ተቆጣኝ። «እንዳወቅን እንዳታስታውቂ። እዚያ አገር አያ አባተን የሚሰማው ሰው የለም፤ እኛ እንስማው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ አልጠየቀዎትም። እጁን ለውሻው ሲሰጥም አሠልጣኝ እንዳልሆኑ እያወቀ ነው የሰጠ። ያላወቀው፣ ያቺን ቃል ከራስዎ እንዳወጧት ብቻ ነው።

ይቅር በይኝ ብለዋል። አልችልም። ወደፊት እችል እንደሆነም አላውቅም፤ ስለዚህ አይጠብቁኝ። በልጄ ስም የጀመሩትን ወረቀት ግን ይጨርሱ። እሱ የኔ ምሕረት የሚያሻው ነገር አይደለም፤ የአባቷ አደራ ነው።

የብሩ ሙት ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን ነው። መምጣት ከቻሉ ይምጡ። ቤት አለ፣ መኝታም አለ፤ ማንም ክፉ አይናገርዎትም። መቃብሩ አጠገብ ቆመው ለኔ የጻፉትን ለሱ በአፍዎ ይንገሩት። መምጣት ካልቻሉ ግን ከእንግዲህ አይጻፉ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምታነብልኝ ልጄ ናት፤ ስታነብ ደግሞ ድምፅዋ የአባቷን ይመስላል።

አበቡ